በሩ ሲንኳኳ ዝም ያልሽበት ቀን

ደብዳቤው

እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ።

ይህን የምጽፍልዎ ከሰከላ፣ ከእናቴ ቤት ሆኜ ነው። ዕድሜዬ 31 ነው። ባለትዳርና የአንድ ልጅ እናት ነኝ። ልጄ አራት ዓመቱ ነው። ባለቤቴ የሆሳዕና ልጅ ነው። የተዋወቅነው አዲስ አበባ ስንማር፣ በተማሪዎች ኅብረት ውስጥ ነው። ከሦስት ዓመት ተኩል በፊት ቤተ ክርስቲያናችን ለወንጌል አገልግሎት ወደ ኡጋንዳ ላከችን። የምንኖረው ከጂንጃ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ከቪክቶሪያ ሐይቅ ብዙም በማይርቅ መንደር ነው። ነጭ ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣው እዚያ ነው። ከግሽ ዓባይ ተነሥቼ ሌላው የዓባይ ምንጭ ዳር መውረዴን ስነግራቸው ሰዎች ይገርማቸዋል።

ስሄድ ደስ ብሎኝ ነው የሄድሁት። ማንም አላስገደደኝም። ጥሪው የሁለታችንም ነበር።

ኑሮው እንዲህ ነው። ጎሕ ሲቀድ ጀሪካን ይዤ የእጅ ፓምፑ ዘንድ እሰለፋለሁ። ባለቤቴ በሞተር ብስክሌት ወደ ገጠር መንደሮች ይወጣል። አንዳንዴ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል። እኔ ቤት ነኝ። ልብስ ደጅ ሲሰጣ ዝንብ እንቁላል ይጥልበታል። ካልተተኮሰ ትሉ ቆዳ ውስጥ ይገባል። አንድ ቀን ልጄ ጀርባ ላይ ያለውን እባጭ ስጨምቀው ነጭ ትል ወጣ። ከዚያ ወዲህ ካልሲ ሳይቀር እተኩሳለሁ። መብራት ሲጠፋ በከሰል ካውያ ነው። በዚያ ሙቀት! ልጄ አራት ጊዜ፣ እኔ ሁለት ጊዜ ወባ ታመናል። ከቤት ያመጣሁት በርበሬ ሻገተብኝ። የመጽሐፍ ቅዱሴ ሽፋን እንኳ ሻገተ።

ገንዘቡም አለ። ድጋፋችን የሚሰበሰበው በብር ነው። ሐምሌ 2016 የምንዛሬው ነገር ሲለወጥ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 አለፈ። የእኛ ወር ግማሽ ሆነ። ባለቤቴ «ጌታ ያዘጋጃል» አለ። እኔም አምናለሁ። ገበያ የምወጣው ግን እኔ ነኝ። በየሦስት ወሩ ለላኪዎቻችን ሪፖርት እንጽፋለን። እዚያ ላይ እኔ «ባለቤቴና ልጄም ደህና ናቸው» የምትል አንድ መስመር ነኝ።

ከሁሉ የባሰብኝ በሩ ነው። ቀኑን ሙሉ ይንኳኳል። ስኳር፣ የራስ ምታት ኪኒን፣ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የታመመ ሰው ማመላለሻ። መጀመሪያ ደስ እያለኝ እከፍት ነበር። አንድ ቀን ልጄ ከወባ ገና እያገገመ፣ እኔም ሌሊቱን ሳልተኛ ያደርሁበት ቀን ነው፣ በሩ ተንኳኳ። በመስኮቱ ቀዳዳ ሳይ ጎረቤቴ ናት። ባዶ ብርጭቆ ይዛለች። ልጄ «እማ፣ ሰው...» ሊል ሲል አፉን በእጄ ያዝሁት። ወለሉ ላይ ቁጭ ብለን እስክትሄድ ጠበቅን። ልጄ ዓይን ዓይኔን ያየኛል። ሰው ልወድ የሄድሁ ሰው ይህን አደረግሁ።

ለባለቤቴ አልነገርሁትም። እናቴ እግሯን ታማ ስለነበር ላስታምም ብዬ ለስድስት ሳምንት መጣሁ። አሁን ሦስት ወር ሞላኝ። ባለቤቴ እየደወለ «መቼ ነው የምትመጡት?» ይላል። «እማ ትንሽ ትጠንክር» እለዋለሁ። ውሸት ነው። እማ ገበያ ደርሳ ትመለሳለች።

እናቴ ኦርቶዶክስ ናት። ሃይማኖት ስቀይር ሁለት ዓመት አላናገረችኝም ነበር። አሁን ታርቀናል። ግን በየቀኑ «ምን ጎደለሽና ነው እዚያ ንዳድ አገር የምትቃጠዪው?» ትለኛለች። ልጁን ግሽ ዓባይ ጸበል ልውሰደው ትላለች። እኔ እምቢ እላለሁ። እሷ ታኮርፋለች። ልጄ ግን በእዚያኛው አገር ቋንቋ «ጃጃ» ብሎ ነው የሚጠራት፣ አያቴ ማለት ነው። እሱን ስትሰማ ኩርፊያዋን ትረሳለች።

አልመለስም ብል እናቴ «ብዬሽ ነበር» ትላለች፣ ላኪዎቻችን «ወደ ኋላ ተመለሰች» ይላሉ፣ ባለቤቴም ልቡ ይሰበራል። ልመለስ ብል ያ በር ይጠብቀኛል። ጥሪዬ አልቆ ይሆን? ምን ላድርግ?

ከሰከላ

መልስ

የኔ እህት፣

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብሁት። ወለሉ ላይ ከተቀመጣችሁበት ቦታ ስደርስ በየጊዜው ቆም አልሁ። ያን ቀን ለማንም ሳትናገሪ ይዘሽው ከርመሻል። ለእኔ ስለነገርሽኝ አመሰግንሻለሁ።

«ጥሪዬ አልቆ ይሆን?» ያልሽውን ዛሬ አልመልስልሽም። እሱን የምታውቂው አንቺና ፈጣሪሽ ናችሁ። አንቺም ብትሆኚ ለጊዜው ብታቆዪው ይሻላል። እንቅልፍ ያጣ፣ ወባ የደቆሰው፣ ወጪ ሲደምር የሚያድር ሰው የሕይወቱን ትልቅ ነገር በዚያ ድካም መካከል ባይወስን ጥሩ ነው። ደግሞ ልብ ብለሽ እንደሆነ አላውቅም፣ በዚያ ሁሉ ጽሑፍ ውስጥ በእምነትሽ ላይ ያማረርሽበት አንድም መስመር የለም። ያማረርሽው በጀሪካኑ፣ በካውያው፣ በሻገተው በርበሬ፣ በብሩ ነው። ስለዚህ እነሱን እናንሣቸው።

ከሰውነትሽ እንጀምር። ወባ ደም ያሳንሳል። ድካሙም ትኩሳቱ ከለቀቀ በኋላ ሊቆይ ይችላል። ባሕር ዳር ወይም ፍኖተ ሰላም ስትወርጂ አንቺም ልጁም የደም ማነስ ምርመራ አድርጉ። ልጁ ሐይቁ ዳር ውሃ ውስጥ ገብቶ ከተጫወተ የቢልሃርዚያ ምርመራም ጠይቂለት። ጣና ዳር ያደገ ሰው በሽታውን ያውቀዋል። በሰገራና በሽንት ይታያል፣ መድኃኒትም አለው። አንድ ነገር ደግሞ አደራ። እዚያ ሰከላ ልጁን ቢያተኩሰው «ብርድ መትቶት ነው» ብለሽ እንዳታልፊው። አገርሽ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ ወባ እምብዛም ስለማይታይ የሚመረምረው ሰው ላያስበው ይችላል። ወራት አልፈውም ቢሆን «ከኡጋንዳ ነው የመጣነው» ብለሽ ንገሪው። ከተመለሳችሁም ከመሄዳችሁ በፊት ስለ መከላከያ ኪኒን ሐኪም አማክሪ። ወባ የለመደ የሚመስል ሰውነት እንኳ ደጋ ሲከርም ልምዱን እያጣ ይሄዳል። የአራት ዓመት ልጅ ደግሞ ከመጀመሪያውም ብዙ ልምድ የለውም።

አሁን እናትሽ ቤት እንቅልፍ እንዴት ነው? እህል ይበላልሻል? ወይስ እዚህም ሌሊት ነቅተሽ ጣራ ጣራውን ታያለሽ? ይህን የምጠይቅሽ በምክንያት ነው። አገር ቀይረሽ፣ እናትሽ ጓዳ ገብተሽ፣ ሦስት ወር ዐርፈሽም ሐዘኑ ካልለቀቀሽ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ብታዪ ደስ ይለኛል። ጸሎትሽን አይተካብሽም። ጎን ለጎን ይሄዳል።

ደገኛ ቆላ ሲወርድ ምን እንደሚሆን ትንሽ አውቃለሁ። በባለቤቴ ሥራ ምክንያት ከደብረ ማርቆስ ወጥቼ ሦስት ዓመት መተማ ኖሬአለሁ። የአንቺን ያህል ሩቅ አይደለም፣ ቋንቋውም የራሴ ነበር። የደረስሁ ሰሞን ሊጥ አቦካሁና እንደ ማርቆሱ ሦስት ቀን ልጠብቀው አልሁ። በማግሥቱ ማታ የቡሃቃውን ክዳን ስከፍት ሽታው ወደ ኋላ አባረረኝ። ላዩ ላይ አረፋ ይንተከተካል። ደጅ ወስጄ ደፋሁትና ባዶውን ቡሃቃ ታቅፌ አለቀስሁ። ባለቤቴ ግራ ገብቶት «ለሊጥ ነው እንዴ?» አለኝ። ያን ጊዜ መልስ አልነበረኝም። አሁን አለኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ እጄ የሚያውቀው ነገር ሁሉ እዚያ አልሠራልሽ አለኝ። እርሾው፣ አብሲቱ፣ የውሃው ልክ፣ ልብስ ማጠቡ ሳይቀር እንደ አዲስ ተማሪ ሆንሁ። ጎበዝ ሴት ነበርሁ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ምንም የማታውቅ ሆንሁ።

አንቺም ጋ ይህ የደረሰ ይመስለኛል። ባለቤትሽ ሙያውን ይዞ ነው የሄደው። እዚህ ይሰብክ ነበር፣ እዚያም ይሰብካል። ማታ ሲመለስ የሚያወራው አለው። አንቺ ግን ሙያሽን ድንበሩ ላይ አስረክበሽ ነው የገባሽው። ያንን ያጣ ሰው ያዝናል። ማንም «እግዜር ያጥናሽ» አላለሽም እንጂ ሐዘን ላይ ነበርሽ።

አሁን ወደ በሩ እንምጣ።

እናትሽ ቤት በሩ አይንኳኳም? አሁን እዚያው ነሽና ተመልከቺ። አንዷ ወንፊት ልትዋስ ትገባለች። አንዷ እሳት ልትጭር ትመጣለች። ሌላዋ ልጇን ጥላ ገበያ ትሄዳለች። እናትሽ ግን በሩን ዘግታ ወለል ላይ አትቀመጥም። ለምን ይመስልሻል? እናትሽ ከአንቺ ይበልጥ ደግ ሆና ነው? እኔ አይመስለኝም። እናትሽ ነገ እነሱ ቤት ትሄዳለች። ወንፊቷ ይሄዳል፣ የእነሱ ሙቀጫ ይመጣል። እግሯን ስትታመም ውሃ ማን ቀዳላት? አንቺ እስክትደርሺ ማን አስታመማት? የእርሻው ወንፈልም እኮ እንዲሁ ነው። ዛሬ ሁላችንም አንተ ማሳ ላይ፣ ነገ ሁላችንም እኔ ማሳ ላይ። ተራው ካልዞረ ወንፈል መሆኑ ይቀራል።

እስቲ ልጠይቅሽ፣ በሦስት ዓመት ተኩል ውስጥ ከዚያ መንደር ጎረቤቶችሽ ምን ተበድረሻል? አንድ ጭብጥ ጨው? አንድ ሰዓት ልጅ መያዝ? ልጁ ወባ የታመመበት ሌሊት የማንን በር አንኳኳሽ? በደብዳቤሽ ውስጥ አንድም አላገኘሁም። ሁልጊዜ ሰጪ ነሽ። ሰጪ ብቻ የሆነ ሰው ለሰፈሩ እንደ ሱቅ ነው። ሱቅ ደግሞ ሲደክመው ይዘጋል፣ ደንበኛውም ዘግቶ መተኛቱን አያውቅለትም። ያችም ጎረቤትሽ ብድሯን የምትመልስበት መንገድ ሳታገኝ ሁልጊዜ ባዶ ብርጭቆ ይዛ መቆም ምን ያህል እንደሚከብዳት አስቢው። የጎጃም ልጅ ነሽ፣ የእጅሽን መመለስ ሲያቅትሽ ያለውን ስሜት ታውቂዋለሽ።

ከተመለስሽ መጀመሪያ የምታንኳኪው በር የእሷን ይሁን። ስለዚያ ቀን ማውራት የለብሽም። ባዶ እጅሽን ሂጂ። ማቶኬውን፣ ያን የሚበስለውን ሙዝ፣ በሙዝ ቅጠል ጠቅልላ በእንፋሎት እንዴት እንደምታበስለው አሳዪኝ በያት። ልብሷን የት እንደምታሰጣ ጠይቂያት። እሷም ልጆች አሳድጋለች፣ ያንን ትል ታውቀዋለች። ቀጥለሽ «ነገ ልጄን ሁለት ሰዓት ያዢልኝ፣ ልተኛ» በያት። እሺ ትልሻለች። በሚቀጥለው ስኳር ልትወስድ ስትመጣ ሁለታችሁም አንገታችሁ ቀና ይላል።

ገደብ ማበጀትም ኃጢአት አይደለም። ልጁ ቀን የሚተኛበት ሰዓት አለ አይደል? በዚያ ሰዓት በሩ ላይ አንድ ጨርቅ እሰሪና ለሰፈሩ ሁሉ ንገሪ። ጨርቁ ካለ ሞት ወይም ምጥ ካልሆነ አይንኳኳ። መዋሸት ቀረልሽ፣ የልጁን አፍ መያዝም ቀረ። ትልልቁን ጥያቄ፣ የትምህርት ቤት ክፍያውንና የሕክምናውን ገንዘብ፣ ብቻሽን መወሰንሽን አቁሚ። ባለቤትሽና የአካባቢው ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ተቀምጠው የሚያዩት ይሁን። እነሱ ማን እንደቸገረውና ማን እንደለመደበት ከአንቺ የተሻለ ያውቃሉ።

ስለ ካውያው አንድ ቃል። ዝንቧ እንቁላል የምትጥለው ደጅ በተሰጣ ርጥብ ልብስ ላይ ነው። መስኮቱ በወንፊት ሽቦ የተሸፈነ አንድ ክፍል ካላችሁ ልብሱን እዚያ አስጪው። ወይም በረንዳው ላይ ዙሪያውን አጎበር አስደርጊ። ገመዱንና አጎበሩን መስቀል የባለቤትሽ ሥራ ይሁን። ውጭ የተሰጣ ካለ እሱን ተኩሺ። የዚያን ልጅ ጀርባ ካየሽ በኋላ ካልሲ ብትተኩሺ ማንም አይፈርድብሽም። ግን የሦስት ሰው ልብስ በከሰል ካውያ እየተኮሱ፣ ውሃ እየቀዱ፣ ልጅ እያስታመሙ የሰውንም በር በፈገግታ መክፈት ከአንድ ሰው አቅም በላይ ነው።

ይህ ወደ ባለቤትሽ ይወስደኛል። ስለ እሱ ክፉ አልጻፍሽም። እኔም ክፉ ሰው አይመስለኝም። የማያውቀውን ነገር ነው ያላየው። አንቺ ደህና ነኝ ትያለሽ፣ እሱም «ባለቤቴ ደህና ናት» ብሎ ይጽፋል። ያቺን መስመር የጻፋችኋት ሁለታችሁም ናችሁ። የሚቀጥለውን ሪፖርት ግማሹን አንቺ ጻፊው። ትሉን ጻፊው። ጀሪካኑን ጻፊው። አራት ጊዜ የታመመውን ልጅ ጻፊው። እሑድ እሑድ ስማችሁን ጠርተው የሚጸልዩ ሰዎች ለምኑ እንደሚጸልዩ ይወቁ።

ገንዘቡንም እንዲሁ። በአንድ ወረቀት ላይ ሁለት ዓምድ አድርጊ። በአንዱ ከሐምሌ 2016 በፊት የወሩ ብር በሺሊንግ ሲመነዘር ስንት ይሆን እንደነበር፣ በሌላው አሁን ስንት እንደሆነ። ከሥሩ የቤት ኪራይ፣ መድኃኒት፣ ከሰል፣ ምግብ። የላኩላችሁን ሰዎች አትክሰሺ። እነሱ የሚያዋጡት ብር አልቀነሰም፣ ምናልባትም ጨምረው ይሆናል። እናንተ ዘንድ ሲደርስ ምን እንደሚሆን የነገራቸው ሰው ላይኖር ይችላል። ይህን ወረቀት ማሳየት «ጌታ ያዘጋጃል» ከሚለው ጋር አይጣላም። የሚያዘጋጀውም በሰው እጅ ነው፣ ሰው ደግሞ ካልተነገረው አያውቅም።

የእናትሽን ነገር ሆን ብዬ ነው ወደ ኋላ ያቆየሁት። ረጋ ብሎ መታየት አለበት።

አንቺ «አገልግሎት» የምትዪውን እናትሽ ከልጅነቷ ጀምሮ በሌላ ስም ሰምታዋለች። በጎጃም «ሚሲዮን» የሚለው ቃል ቀላል ቃል አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1618 የካቶሊክ ሚሲዮናዊው ኢየሱሳዊ ፔድሮ ፓኤዝ ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር መጥቶ ያንኑ የእናትሽን ምንጭ አይቷል። ከዚያ ንጉሡ ካቶሊክ ሆኑ። ብዙ ደም ፈሰሰ። በ1632 ሱስንዮስ ሃይማኖቱን መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ። እናትሽ ዓመተ ምሕረቱን ላታውቀው ትችላለች። ፍርሃቱ ግን ከእናት ወደ ልጅ ሲወርድ ኖሯል። አንቺ ካቶሊክም ፈረንጅም እንዳልሆንሽ አውቃለሁ። እሷ ግን ልጇ በሃይማኖት ከእጇ ስትወጣ የቀመሰችው ይህንኑ የቆየ ፍርሃት ነው። በዚህ ላይ በአካልም ራቅሽባት፣ ወባ ያለበት አገር ወሰድሽባት። «ምን ጎደለሽና» ስትልሽ የምትሰሚው ወቀሳ ነው። እኔ ደግሞ «እኔ ምን አጎደልሁብሽ?» የምትል ይመስለኛል። እስቲ አንድ ቀን ቡና ላይ በቀስታ ጠይቂያት።

ጸበሉን በተመለከተ፣ መጠመቅና አለመጠመቅ የሕሊናሽ ጉዳይ ነው። እዚያ ላይ አልገባም። ልጅሽንም በሚመለከት ከባለቤትሽ ጋር የምትወስኑት ነው። ግን አንድ ጠዋት መንገዱን አብረሻት ተራመጂ። እግሯ ገና የዳነ ነው፣ ምርኩዝ ትሻለች። ጀሪካኗን ያዢላት። እሷ ትጸልይ፣ አንቺ ውጭ ዛፍ ሥር ከልጁ ጋር ጠብቂያት። ስትመለሱ ስለዚያኛው ምንጭ ንገሪያት። ከእሷ ደጅ የሚነሣው ውሃና ከአንቺ ደጅ የሚነሣው ውሃ ካርቱም ላይ እንደሚገናኙ ታውቅ ይሆን? የቤትሽን ፎቶ አሳዪያት። ጓዳሽን፣ አጎበሩን፣ ያችን ጎረቤትሽን። «ንዳድ አገር» የምትለው ልጇ ያለችበትን ቤት በዓይነ ሕሊናዋ መሳል ስላልቻለች ሊሆን ይችላል። እዚያ አገርም ልጅ አያቱን «ጃጃ» ብሎ እንደሚሮጥላት ካወቀች ያ አገር በትንሹም ቢሆን የእሷም ይሆናል።

ደግሞ ከእሷ የምትማሪው አለ። ኡጋንዳም ዳጉሳ ይበቅላል። እነሱ እንደ ገንፎ አድርገው ነው የሚበሉት። ጤፍ እስኪመጣልሽ ለምን ትጠብቂያለሽ? የዳጉሳ እንጀራ እንዴት እንደሚቦካና እንደሚጋገር የጎጃም ሴት ካልነገረችሽ ማን ሊነግርሽ ነው? ከጎኗ ቆመሽ ተማሪ። የኔን ቡሃቃ አስታውሺና፣ እዚያ ሙቀት ላይ እርሾውን ቀንሰሽ በአንድ ቀን እንድታደርሺው አብራችሁ ሞክሩት፣ ምድጃው አጠገብ አስቀምጣችሁ። በርበሬውን ከመጫንሽ በፊት ደጋግማችሁ ፀሐይ ላይ አስጡት። በትልቅ ከረጢት ሳይሆን በትንንሽ፣ አየር በማያስገባ ዕቃ ከፋፍለሽ ያዢው። ይህ ሁሉ ብትመለሺ ነው። ባትመለሺም አብራችሁ የሠራችሁት አይባክንም።

ትመለሺ ወይስ አትመለሺ? ሐሳቤን ሳልደብቅ ልንገርሽ። ወደዚያው ኑሮ እንዳለ አትመለሺ። ያው ጀሪካን፣ ያው ዝምታ፣ ያው ግማሽ ገንዘብ ከሆነ በስድስት ወር ውስጥ ያው ወለል ላይ ነሽ። ሌላ ኑሮ ከተስማማችሁ ግን፣ ባለቤትሽ በሳምንት የሚወጣበት ቀን ከተወሰነ፣ ውሃውን የሚያመላልስ ሰው ከተገኘ፣ ሌሊት የምታንኳኪው በር ካለሽ፣ ያን ጊዜ ጥያቄውን እንደገና ጠይቂው። ምናልባት ትሄጃለሽ። ምናልባት ደግሞ ሁለታችሁ ተነጋግራችሁ ለዓመት አገር ቤት ትቆያላችሁ። ወይም አገልግሎቱ እዚሁ በሌላ መልክ ይቀጥላል። እነዚህ ሁሉ የሰው መንገዶች ናቸው። «ወደ ኋላ ተመለሰች» የሚል ሰው ካለ ያንን ካውያ አንድ ሳምንት ይያዘው። ባለቤትሽ መጥቶ ለሁለት ሳምንት እንኳ አብራችሁ ብትነጋገሩ ከሁሉ ይሻላል። ገንዘቡ ካልፈቀደ በስልክም ይሆናል።

ብቻ ሳትነግሪው የትኬት ቀን አትቁረጪ። አልመጣም ብለሽም አትላኪበት። ያ ሰው የሚስቱን እውነት ሳያውቅ ሦስት ወር ጠብቋል። ሲሰማ ሊደነግጥ ይችላል። «ለምን አልነገርሽኝም?» ይል ይሆናል፣ ይቆጣም ይሆናል። ይበል። ከቁጣው ሥር ምን እንዳለ ጠብቀሽ ስሚው። እሱስ ብቻውን እንዴት ከርሟል? ልብሱን ማን ይተኩስለታል? እሱም ያልነገረሽ በር ይኖረው ይሆን?

ከመንደሮቹ የሚመለስበትን ቀን ታውቂዋለሽ። በዚያ ማታ ልጁ ከተኛ በኋላ ደውዪለት። ኔትወርኩ ከተቆራረጠ በድምፅ ቀድተሽ ላኪለት። «መቼ ነው የምትመጡት?» ሲልሽ ቀን አትንገሪው። መጀመሪያ ስለ በሩ ንገሪው።